የሚጮኽ መሪና የምክንያት ጥያቄ

መሪ ሲዞር የሚወጣው ጩኸት ይሰማል፤ የጩኸቱ ምክንያት ግን አይሰማም፣ አብዛኛውን ጊዜም አይታይም። ከተሰማው ተነሥቶ ወዳልታየው መድረስ የመካኒክ ሥራ ነው። መኪናው ተጠግኖ ድምፁ ሲጠፋ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው? ጥያቄው በሃይማኖትና በፍልስፍና ሊቃውንት ዘንድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ጋራዥ ውስጥም መልስ ይፈልጋል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ምድር ባቡር ከጅቡቲ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ በባቡሩ ወርክሾፕ በኩል ከብረትና ከሞተር ሥራ ጋር ቀድማ የተዋወቀች ከተማ ናት። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚያወጣው መንገድ በደንገጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እያንዳንዱ ኩርባ መሪውን ያሠራዋል፤ የቆላው ሙቀትም የጎማ ቱቦዎችን ቶሎ ያደርቃል።

በዘይት የሚሠራ ፓወር ስቲሪንግ ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ ፓምፑን በቤልት ያዞራል፤ ፓምፑ ከማጠራቀሚያው ዘይት ስቦ በግፊት ወደ መሪው ማርሽ ይልካል፤ ግፊቱም የሾፌሩን ጉልበት ያግዛል። ብልሽቱ በድምፅ ይገለጻል፤ ድምፆቹም ይለያያሉ። ሞተር ሲነሣ ወይም መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የሚሰማ ቀጭን ጩኸት ብዙውን ጊዜ ቤልት ላልቶ ወይም አልቆ መንሸራተቱን ይጠቁማል። ጉድጓድ ላይ የሚሰማ ኳኳታ ከዘይቱ ሳይሆን ከመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች ሊመጣ ይችላል። መሪው ጥግ ሲደርስ የሚሰማ ፉጨት መሰል ድምፅ ትርፍ ግፊት በቫልቭ ሲለቀቅ የሚፈጠር ስለሆነ በራሱ ብልሽት አይደለም፤ መሪውን እዚያ ይዞ መቆየት ግን ዘይቱን ያግለዋል። አስቸጋሪው ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚያላዝነው ድምፅ ነው። ዘይት ሲያንስም፣ አየር ሲገባም፣ ፓምፑ ሲያልቅም ያው ድምፅ ይሰማል።

ስለዚህ ምርመራው ወጪ ከሌለው ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ኮፈኑ ይከፈትና የዘይቱ ልክና መልክ ይታያል። አረፋ የያዘ ዘይት አየር ገብቶበታል፤ የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው አርጅቷል። ዘይቱ ካነሰ የወጣበት ቦታ አለ፤ ያንን ሳይፈልጉ መሙላት ምልክቱን መሸፈን ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ነው። በዚህ በኩል ፓምፑ ስለሚስብ ግፊቱ ከውጭው አየር ሊያንስ ይችላል፤ የላላ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ) ወይም የተሰነጠቀ ጎማ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አየር ያስገባል። መሬቱ ደረቅ፣ ዘይቱ ግን አረፋ ከሆነ መጠርጠር ያለበት ይህ ቱቦ ነው። እሱ ከተስተካከለ በኋላ የፊት ጎማዎች በክሪክ ተነሥተው፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ መሪው ከጥግ ጥግ በዝግታ ደጋግሞ ሲዞር አየሩ ይወጣል። የሚጨመረው ዘይት የመኪናው መመሪያ ያዘዘው ዓይነት መሆን አለበት። ፓምፑ የሚፈረድበት ይህ ሁሉ ታይቶ ድምፁ ሲቀጥል ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ድምፁ እንደተሰማ ፓምፑ ይቀየራል፤ ድምፁም ይጠፋል፤ «ፓምፑ ነበር» ይባላል። ፓምፕ ሲቀየር ግን ዘይቱም አብሮ ይቀየራል፣ አየሩም ይወጣል፣ ፋሸታውም ተፈትቶ ይጠብቃል፣ ቤልቱም ይወጠራል። ከአምስቱ የትኛው ድምፁን እንዳጠፋው የሚለይ ነገር የለም። ጥገናው መሳካቱ ምርመራው ትክክል እንደነበር አያረጋግጥም።

ነገሩን በመሠረቱ ያነሡት ኢማም አል-ገዛሊ (እ.ኤ.አ. 1058–1111) ናቸው። «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፋቸው 17ኛ ክርክር ላይ የእሳትንና የጥጥን ምሳሌ ያቀርባሉ። ዓይን የሚያየው እሳቱ በነካው ጊዜ ጥጡ መቃጠሉን ነው፤ አብሮ መከሰት አስገዳጅ ትስስርን አያሳይም፤ አድራጊው አላህ ነው ይላሉ። የኮርዶባው ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ (እ.ኤ.አ. 1126–1198) በበኩላቸው ምክንያትን የካደ እውቀትን ራሱን ክዷል ሲሉ መለሱ። በ18ኛው መቶ ዘመን ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ተመሳሳዩን ጥርጣሬ ያለ ሃይማኖታዊው መደምደሚያ አነሣው።

የአል-ገዛሊ ትምህርት በስንፍና ከተወሰደ «ሁሉም የፈጣሪ ነው» ብሎ ምርመራን ለመተው ሰበብ ይሆናል። እሳቸው ግን አላህ ፍጥረትን በጸና ልማድ እንደሚያስኬድ ይቀበላሉ፤ ያንን ልማድ ማጥናት ከእምነት ጋር አይጋጭም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምና መድኃኒት ከእግዚአብሔር መሆናቸውን ያስተምራል። የኢብን ሩሽድ አቋም ደግሞ ምክንያት መኖሩን ያጸናል እንጂ የትኛው እንደሆነ አይነግርም። አየር የሚያስገባውን ቱቦ ለማወቅ የሁለቱም ተከታይ የሚሠራው አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ አንዱን ብቻ ለውጦ ያዳምጣል።

ፍጹም እርግጠኝነት እስኪገኝ መጠበቅም አይቻልም። ቤልቱ ቢበጠስ መሪው መዞሩን ባይተውም እጅግ ይከብዳል፤ ክብደቱም በዝግታ በሚታለፉት የደንገጎ ኩርባዎች ላይ ይብሳል። መንገድ ያለበት ሰው በግምትም ቢሆን መወሰን አለበት፤ ፓምፕ መቀየሩም በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ ግምትን እውቀት ነው ብሎ መሸጥ ነው። «ድምፁ ጠፍቷል» ለማለት ጆሮ ይበቃል፤ «ምክንያቱ ታውቋል» ለማለት ግን እያንዳንዱ ለውጥ ለየብቻ መፈተን አለበት። ያልተፈተነውን እንደተፈተነ አስመስሎ ገንዘብ መቀበል በክርስትና የሐሰት ምስክርነት፣ በእስልምና አማናን (አደራን) ማጉደል ነው። ውሳኔው ግምት ከሆነ ለባለመኪናው ግምት መሆኑ ይነገረዋል፤ ድምፁ ቢመለስ ፍለጋው ካልተፈተነው ክፍል ይቀጥላል።