በከፊል ስለ ማወቅ

ሰው አንድን ነገር ፈጽሞ ባያውቅ ብዙ ጊዜ ይቅር ይባላል፤ ፈጽሞ ቢያውቅም ይመሰገናል። ነገር ግን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ፣ በከፊል የሚያውቅ ሰው፣ ግዴታው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ እንዳስብበት ያደረጉኝ በአሰላ ገበያ ገብስ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው።

ተወልጄ ያደግሁት ከጭላሎ ተራራ ሥር ባለችው በአሰላ ከተማ ነው። ጎረቤቶቻችን ኦሮሞዎች ነበሩ። እነርሱ አማርኛ ተምረው ያነጋግሩን ስለ ነበረ፣ እኔ ከሰላምታ በቀር ኦሮምኛ ሳላውቅ ጎለመስሁ። ድካሙን ሁሉ ለእነርሱ መተዌን ባስተዋልሁ ጊዜ አፈርሁና መማር ጀመርሁ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ውሃ ‹‹ቢሻን››፣ ቤት ‹‹መነ››፣ ገብስ ‹‹ገርቡ›› መባሉን አወቅሁ። ጥቂት ቃል በተናገርሁ ቍጥር ሰው ሁሉ ያመሰግነኝ ነበርና ልቤ ታበየ። ከዚያ በኋላ ሰዋስው መጣ። እኛ ‹‹ትልቅ ቤት›› ስንል ገላጩን እናስቀድማለን፤ በኦሮምኛ ግን ስሙ ይቀድማል፣ ገላጩ ይከተላል። እኛ ‹‹ን››ን የምንጨምረው በተደራጊው ላይ ነው፤ በኦሮምኛ ግን በብዙ ስሞች መጨረሻ ይህ ድምፅ የሚሰማው በአድራጊው ላይ ነው። ስለዚህ ያልተጠነቀቀ ተማሪ አድራጊውን ተደራጊ ሊያደርገው ይችላል።

ደግሞም ‹‹በዳ›› የሚል ቃል አለ። ‹‹ዳ›› ላልቶ ሲነገር መጥፎ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ደጋ ማለት ነው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ቤት የሚሠራበት ቁቤ፣ የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። እኔ ግን ቁቤን መማር ስለ ሰነፍሁ ቃሉን በለመድሁት ፊደል ጻፍሁት፤ ሁለቱም በደብተሬ ላይ አንድ ሆኑ። ፊደላችንን አልወቅስም፤ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦኔሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። እኛስ ‹‹አለ›› የሚለውን ቃል ስናነብ ‹‹ተናገረ›› ወይም ‹‹ይገኛል›› ማለት መሆኑን የምንለየው ቋንቋውን ስለምናውቅ አይደለምን?

አንድ ቀን በገበያ ‹‹የደጋ ገብስ ነው ወይ?›› ብዬ ልጠይቅ አስቤ ‹‹ዳ››ን አላልቼ ተናገርሁ። በዙሪያው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ‹‹መጥፎ ገብስ ነው ወይ?›› ብዬ ኖሯል። እኔም ስሕተቴን ላለማመን ‹‹ዐውቄ ለቀልድ ነው›› አልሁ።

ሻጯ ግን አልሳቁም። በጥሩ አማርኛ እንዲህ አሉኝ፦ ‹‹ልጄ፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ አባቴ በመሬት ነገር ተከሰው ችሎት ቆሙ። በዚያ ዘመን የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ስለ ነበረ በአስተርጓሚ ተናገሩ። ሰውየው ቋንቋችንን ፈጽሞ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይፈለግ ነበር። ግማሹን ያውቅ ነበርና ‹አልገባኝም› ማለት አፈረ፤ አባቴ ያላሉትንም ተናገረ። መሬቱም ሄደ። የአንተ ስሕተት ምንም አይደለም፤ የሚያስፈራኝ አልተሳሳትሁም ማለትህ ነው።››

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የምመልሰው አጣሁ። ያ አስተርጓሚና እኔ ልዩነታችን የቦታ ብቻ መሆኑን ግን ተረዳሁ። እርሱ በችሎት፣ እኔ በገበያ፤ ሁለታችንም ከእውነት ይልቅ ክብራችንን ወደድን።

ምናልባት አንዳንዱ ‹‹እንግዲያስ አጥርቶ እስኪያውቅ ድረስ ዝም ማለት ይሻላል›› ይል ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። ዝም ያለ ሰው ሸክሙን እንደ ገና በጎረቤቱ ጫንቃ ላይ ይጥለዋል። በከፊል የሚያውቅ ሰው ግዴታው ዝምታ ሳይሆን መጠየቅ ነው፤ ‹‹አልገባኝም፣ ድገምልኝ›› የምትለዋን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ ሊማራት ይገባል።

ወጣቱ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ነገር የቋንቋ ብቻ አይምሰልህ። በሕክምናም፣ በዳኝነትም፣ በማስተማርም ብዙ ዘመናችንን የምንኖረው በመካከል ነው። በመካከል መኖር ነውር አይደለም፤ ዳር እንደ ደረሱ መምሰል ግን ሌላውን ሰው ያስከፍላል።

እኔም በሌላ ቀን ወደ እኚያ እናት ተመለስሁና ቃሉን እንዲያርሙኝ ለመንኋቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በአራተኛው ‹‹ዳ›› ጠበቀ፤ ገብሱንም ሰፈሩልኝ።