ለማን ነው የሚጻፈው?

ከሮቤ ወደ ጎባ በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ሾፌሩ የአማርኛ ራፕ ከፍቷል። ጓደኛዬ በየስንኙ ክንዴን እየጎሸመ «ሰማህ? እዚች ጋ ሁለት ትርጉም አለ!» ይለኛል። አጠገባችን የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አዛውንት በኦሮምኛ «ልጆቼ፣ ይኼ ሰውዬ የሚዘፍነው ለናንተ ብቻ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁን። ጓደኛዬ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ኅብረ ቃሉን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሰው ግን ሰሙም ወርቁም ጠፋበት። ሳቅን፤ ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አንዳንዶች «ራፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በወጣቶች ጭፈራ ላይ የተወለደ ነው፤ አእምሮ ማስጨነቅ ምን አመጣው?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «አድማጭም ይልፋ እንጂ!» ባዮች ናቸው። ክርክሩ ለኛ አገር አዲስ አይደለም። የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» በ1963 ዓ.ም. ሲወጣም አዲሱ ቅርጹ ብዙ አከራክሯል።

በኔ በኩል ክብደትን ሁሉ በአንድ ዓይን አላየውም። በአማርኛ ግሥ ዓረፍተ ነገሩን ስለሚዘጋ ቤት መምታት ርካሽ ነው፤ «ሄደ» ብሎ «ወሰደ» ማለት ማንን ያቅታል? ጥበቡ ያለው ኅብረ ቃሉ ላይ ነው። ሰምና ወርቅ ደግሞ ደግ ነው፦ ሰሙን ለመጣው ሁሉ ያቀርባል፣ ወርቁን ቆፍሮ ለሚጠብቅ ያቆያል። ሰም የሌለው ወርቅ ግን በር የሌለው ቤት ነው። ባለቤቱ «ጥልቅ ነኝ» ይበል እንጂ አጥር ነው ያጠረው።

ታዲያ ማቅለልስ? እኔው ራሴ ለአንድ የግጥም ምሽት ያዘጋጀሁትን ግጥም «ሕዝቡ አይገባውም» ብዬ ከባዱን ስንኝ ቆርጬ ጥያለሁ። ማን ነገረኝ? ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ባላ በትር ይዘው የሚጓዙት ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች የሚያዜሙትን ውዳሴ ማን አቀለለላቸው? ልጅ መጀመሪያ ዜማውን ይቀበላል፤ ፍቺው ከዕድሜ ጋር ይመጣል። ስንኙን ስቆርጥ ሕዝቡን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ንቄው ኖሯል!

እዚህ ላይ ግን ሽማግሌው ይመጡብኛል። እሳቸውን ከደጅ ያስቀራቸው የግጥሙ ክብደት አይደለም፤ ቋንቋው ነው። በባሌ ምድር ተቀምጦ በአማርኛ መጻፍ ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሳይጻፍ አድማጭ መምረጥ ነው። ይህችን ጽሑፍም ጭምር። መምረጥ ኃጢአት አይመስለኝም፤ ለሁሉ የሚጽፍ ማንም የለም። ኃጢአቱ በመረጡት አድማጭ መሐል ተቀምጦ፣ ደጅ የቀረውን «አይገባውም» ማለት ነው።

ሽማግሌው ጎባ ወረዱ፤ ጥያቄያቸውን አልመለስንላቸውም። እስቲ እናንተም ተናገሩበት።