የተሻሩት ዳኛና የተቃጠለው ቦርድ

አጅባር ላይ እድራቸውን፣ በአገሩ አጠራር ቅሬያቸውን፣ ለብዙ ዘመን የመሩ አንድ ዳኛ ነበሩ። ጸሐፊያቸው ኮምፒውተር የተማረ ጎረምሳ ነው። የአባላቱን ስም፣ መዋጮና ቅጣት ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ሲጨርስ፣ «ሁሉም እዚህ ገብቷል፤ እንግዲህ አባባ ይረፉ» አለ። ጉባኤው አጨበጨበና ጎረምሳውን ዳኛ አድርጎ ሾመው። ሽማግሌው መርቀው ሲሰናበቱ፣ የሚያስረክቡት ነገር እንዳለ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ደብተሩም ከጎተራ ሥር ተጣለና ምስጥ በላው። በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ መጻሕፍት ተዘርፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሲሄዱ ያየ አገር፣ መዝገቡን በገዛ እጁ ለምስጥ መስጠቱ ይገርማል።

በክረምት አንድ ማታ፣ ጠፍቶ የቆየው መብራት ድንገት በኃይል መጣ። ኮምፒውተሩ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ጎረምሳው ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ደሴ፣ ፒያሳ፣ ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው።

ጠጋኙ ዲስኩን ገለበጠና ከጀርባው ያለውን አረንጓዴ ቦርድ በኮከብ መፍቻ ፈታው። ኃይል ከሚገባበት አጠገብ ያለችው ዳዮድ ከስላለች፤ ሞተሩን የሚያዘው ቺፕም ተቦርቡሯል።

«ጽሑፉ ያለው በሆዱ ባሉት ሳህኖች ላይ ነው። የሞተው ቦርዱ ነው፤ አብሽር!» አለው።

«ታዲያ በሌላ ቦርድ ቀይረዋ።»

ከተጣሉ ዲስኮች መካከል ሞዴሉም የቦርዱ ቁጥርም አንድ የሆነ ተገኘ። ገጠሙት። ዲስኩ መሽከርከር ጀመረ፤ ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ኮምፒውተሩ አላወቀውም።

«ቁጥሩ አንድ አይደለም እንዴ?»

«ቁጥሩማ አንድ ነው» አለ ጠጋኙ። «ድሮ ድሮ ይኸው ይበቃ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ጠባይ አለው። አንባቢዋ ከሳህኑ በላይ የምትንሳፈፈው የፀጉር ውፍረት ብዙ ሺህ ጊዜ ተከፍሎ በሚገኝ ከፍታ ነው። ፋብሪካው የዚህን ዲስክ ጠባይ ለክቶ የጻፈው እዚች ላይ ነው።» በወረንጦው ጫፍ በተቃጠለው ቦርድ ላይ ያለች ስምንት እግር ያላትን ትንሽ ቺፕ ነካ።

ሙቅ አየር ነፋባት። እርሳሱ ሲቀልጥ በወረንጦ አነሳት፤ በአዲሱ ቦርድ ላይ የነበረችውንም አንስቶ አሮጌይቱን በቦታዋ ተከለ፤ ጥግ ላይ ያለችውን ነጥብ ሁለት ጊዜ አይቶ አቅጣጫዋን አረጋገጠ። ዲስኩ ተነሣ። ጠቅታ የለም፤ የቅሬው ስም ዝርዝር ተከፈተ። ጠጋኙ አንድም ደቂቃ ሳያባክን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠው፤ «በዚህ በተጠገነው አትተማመን» አለ።

ጎረምሳው በመኪና ሲመለስ ያችን ትንሽ ቺፕ እያሰበ ዝም እንዳለ ነው። አጅባር ሲገባ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ከተሻሩት ዳኛ ደጅ ቆመ።

«አባባ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት አሉ፤ ስንት ዓመት መዋጮ አልከፈሉም። ቅጣትም አልተጻፈባቸውም። እኔ ስህተት መስሎኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኬባቸዋለሁ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባሏ ሲሞት ድንኳናችን በሌላ ለቅሶ ተይዞ ሳንደርስላት ቀረን። ዝናቡ ለቀስተኛው ላይ ሲወርድ ዋለ። ከዚያ ወዲህ መዋጮ እንዳንጠይቃት ተስማማን። ደብተር ላይ ብንጽፈው እሷን ማሳጣት ነው ብለን ተውነው።»

«ደብዳቤውን ዛሬውኑ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ እመልሳለሁ። ሌላስ እንዲህ ያለ አለ?»

«እሷ ብቻ መሰለችህ? ከሷ ዘንድ ስትመለስ ዝርዝሩን ይዘህ ና፤ ከላይ ጀምረን እንወርዳለን።»