የታማሚው ቃል አደራ ነው

ወንድሜ ሆይ፤ ዕወቅ፤ ትኩሳት በመሣሪያ ይለካል፤ ሥር ሰዶ ከ3 ወር በላይ የቈየ ሕመም ግን ከታማሚው አንደበት በቀር ሚዛን የለውም። ሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ሲፈትኑ ብዙ ጊዜ ለአንዱ መድኃኒቱን፥ ለሌላው መድኃኒት የሌለበትን እንክብል በዕጣ ሰጥተው፥ «ሕመምህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሐኪሙን ደስ ለማሰኘት «ተሻለኝ» የሚል፥ ወይም እንዲታዘንለት ሕመሙን የሚያገንን፥ ሚዛን ከሚያጐድል ነጋዴ በምን ይለያል? ነጋዴው የሚጐዳው ገዢውን ነው፤ ይህኛው ግን የማያውቃቸውን ሕሙማን ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ያወጣው ደንብ፥ ሰው ሳይፈቅድ ምርምር እንዳይደረግበት፥ ከፈቀደም በኋላ መተው እንዲችል አዘዘ። እንግዲህ መግባትም መተውም በእጅህ ነው፤ ከገባህ ግን ቃልህ አደራ ነው፤ አደራም ሳይጐድል ይመለሳል።