ሳይጠግቡ መዝለል

የወንድሜ ልጅ፣ ክለባችሁ የሥነ ምግብ ባለሙያ እንደቀጠረላችሁ ስትነግሪኝ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ነበር። አስከትለሽ «የሦስት ቀን ምግባችሁን ጻፉ ተባልን፤ እኔም ጥሩ ጥሩውን ጽፌ ሰጠኋት» ስትይኝ ግን ደስታዬ ቀዘቀዘ። ይህን የምጽፍልሽ ለዚያ ነው። ጓደኞችሽም ቢያነቡት አልጠላም፤ የእነሱም ወረቀት ከአንቺ የሚለይ አይመስለኝም።

ወረቀቱን በስልክሽ አንስተሽ አሳይተሽኛል። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ዳቦና ወተት። ቀን እንጀራ በሥጋ። ማታ ፓስታና ፍራፍሬ። ሦስቱም ቀን ያው ነው፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ጊዜ ቁጭ ተብሎ የተጻፈ። ልጄ፣ ሰው እንዲህ አይበላም። ሰው አንድ ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፣ አንድ ቀን የትናንቱን ፍርፍር ይበላል፣ አንድ ቀን ከልምምድ ደክሞ ገብቶ ሻይ በዳቦ ቀምሶ ይጋደማል። ዕድሜዬን በጤና ረዳትነት ስጨርስ «መድኃኒቱን በሰዓቱ እውጣለሁ» የሚለኝ፣ እሽጉ ግን ሳይነካ ትራሱ ሥር የሚገኝ ስንት ሰው አይቻለሁ! ባለሙያዋም የዚህ ዓይነቱን አታጣውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ለምን እንደደበቅሽ ይገባኛል። ይሉኝታ ነው። ፈተና የቀረበልሽ፣ ጥሩ ካልጻፍሽ የምትወድቂ መሰለሽ። እሷ ግን ውጤት ሰጪ አይደለችም፤ ሥራዋ የሚጀምረው ከአንቺ አፍ ነው። ክብደትሽን፣ የምትሮጪውን ኪሎ ሜትርና የምትበይውን አንድ ላይ አድርጋ ታሰላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የተባለው ለመካሪም ይሠራል፤ በሐሰት ወረቀት ላይ የተሰጠ ምክር ለዚያች በወረቀቱ ላይ ላለችው ልጅ ነው እንጂ ላንቺ አይደለም።

ሒሳቡን ላሳይሽ፤ ከባድ አይደለም። ክብደትሽ 48 ኪሎ ነው፤ ስቡ ሲቀነስ 40 ኪሎ ገደማ ይቀራል እንበል። ሩጫ በየኪሎ ሜትሩ ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 15 ኪሎ ሜትር ስትሮጪ 720 ሄደ ማለት ነው። ከዚያ የተረፈው ለልብሽ፣ ለአጥንትሽ፣ ለቁስልሽ መዳን፣ ለእንቅልፍሽ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ትርፍ ከስብ ውጭ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ቢሆን ይመርጣሉ፤ ላንቺ 1,800 መሆኑ ነው። ከሩጫው ጋር ስትደምሪው ከ2,500 ያልፋል። አሁን እውነተኛውን ቀንሽን ተመልከቺ። 1,900 ብቻ ከበላሽ ሩጫው 720 ወስዶ 1,180 ይቀርሻል፤ ለ40 ሲካፈል 30 እንኳ አይሞላም። እዚያ ሲደርስ ሰውነት መቆጠብ ይጀምራል፤ በሴት ልጅ ላይ ቶሎ ከሚያቋርጣቸው ነገሮች አንዱ የወር አበባ ነው።

እዚህ ላይ እፍረት የለም፤ አክስትሽ ነኝ። የዒድ ዕለት ሰው በተሰበሰበበት «ዘንድሮ አንድም ቀን ሳላፈርስ ወሩን ሙሉ ፆምኩ፤ ቀዳ የሚባል የለብኝም» አልሽ። እናትሽ «ማሻአላህ» አለች። እኔ ያነሳሁትን ሳምቡሳ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ሴት በወር አበባዋ ቀን አትፆምም፤ ቀዳ የሚባለው ያንን ቆይቶ መክፈሉ ነው። የአንድ ጤነኛ ወጣት ዑደት ረመዳንን ዘሎ ማለፉ አልፎ አልፎ ይገጥም ይሆናል። ስለዚህ ጓዳ ጠርቼ «ከረመዳን በፊትስ?» ብዬ ጠየቅሁሽ። ሲኒውን በጣትሽ እያዞርሽ «ከጥቅምት ወዲህ አላየሁም፤ አሠልጣኛችን ግን ሲቀልሉ እንዲህ ነው ብሎናል» አልሽኝ። ቀዳ ያልኖረብሽ ስለበረታሽ አይደለም፣ የኔ እናት።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። የወር አበባ መቅረት የብቃት ምልክት ነው የሚል አሠልጣኝ በሰዓት መያዣው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጉዳይ ግን አትስሚው። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ችግሩን ስም ሰጥቶት በስፖርት የሚመጣ አንጻራዊ የኃይል እጥረት ብሎታል፤ ወንዶቹንም ይነካል። በሴቷ ላይ የወር አበባዋ ሲቋረጥ ኤስትሮጂን የሚባለው ሆርሞን ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል። አጥንት ደግሞ የሚጠራቀመው እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ነው፤ አንቺ ገና በማጠራቀሚያው ጊዜ ላይ ነሽ። ሦስት ወር ያለፈው መቅረት ሐኪምም ሊያየው ይገባል፤ ምክንያቱ ሌላ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ተመርምሮ መለየት አለበት።

አታላዩ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ሰዓትሽ መሻሻሉ ነው። ሁለት ኪሎ ቀነስሽ፣ በ10 ሺሕው ፈጠንሽ፣ ሰው አጨበጨበ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከዚያ ጉንፋኑ አልለቅ ይላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቅልጥም ላይ አንድ ቦታ መጠዝጠዝ ይጀምራል። ድሮ የጠገበን ልጅ ሲገሥጹ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ይላሉ። በእናንተ ሥራ ላይ ተረቱ ተገልብጧል፤ ቶሎ የሚሰበረው ሳይጠግብ የሚዘለው ነው።

አንቺ የምትሠለጥኚበት ደብረ ብርሃን ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ «አበበ ቢቂላ ምን የምግብ ባለሙያ ነበረው?» ይላሉ አሉ። አበበ የመንዲዳ አካባቢ የጃቶ ልጅ ስለሆነ እንደ ሠፈራቸው ሰው ያዩታል፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 የገባው አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ቀለብ የሚሰፈርለት፣ ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የሚያሠለጥነው ሰው ነው። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ሲደግመውም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ባዶ እግሩን ያየ ሁሉ በባዶ ሆዱ የሮጠ ይመስለዋል።

የቅርቡንም ልንገርሽ። ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ልምምድ ላይ የነበሩ 10 ታላላቅ የረጅም ርቀት ሯጮቻችንን ምግብ ለሰባት ቀን በሚዛን እየመዘኑ መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። ሯጮቹ በቀን በአማካይ ወደ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ይበሉ ነበር፤ የሚበሉትና የሚያቃጥሉትም ተመጣጣኝ ሆኖ ተገኘ። ከመቶው 64 ያህሉ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ 23ቱ ቅባት፣ 12ቱ ገንቢ ነው። ተርበው የሮጡ አልነበሩም። ባለሙያዋ እንጀራውን ተዪና የፈረንጅ ምግብ ብዪ ትለኛለች ብለሽ ከሰጋሽም ይህ ያጽናናሽ፦ ጥሩ ባለሙያ ከማዕድሽ ተነሥታ መጠኑንና ሰዓቱን ነው የምታስተካክለው። የደብረ ብርሃን በሶ ከመቶ ግራሙ ሰባ ግራም ያህሉ ኃይል ሰጪ ነው፤ ከልምምድ መልስ በማርና በወተት በጥብጠሽ ብትጠጪው ምን ጎደለሽ?

አሁን ለባለሙያዋ ወዳልነገርሻት ነገሮች ልምጣ። አንዱ ገንዘቡ ነው። ደመወዝ በወጣ ማግሥት ለአባትሽ በቴሌብር እንደምትልኪ፣ ከዚያ በወሩ መጨረሻ እራትሽ ሻይና ዳቦ እንደሚሆን አውቄያለሁ። ይህንንም ንገሪያት። በሥጋና በእንቁላል የሞላ ዕቅድ አውጥታልሽ መግዛት ካልቻልሽ ጥፋቱ የእሷ አይሆንም፤ እውነቱን ካወቀች ግን በምስር፣ በሽሮ፣ በአተር ትሠራልሻለች። ገንቢ ምግብ ለሯጭ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 2 ግራም ነው የሚባለው፤ ላንቺ ከ58 እስከ 96 ግራም መሆኑ ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወደ 24 ግራም ይይዛል። ለወንድሜ ደግሞ እኔ እነግረዋለሁ፤ ለጥቂት ወራት ግማሹን ብትልኪ ቤቱ አይፈርስም።

ሌላው ፆሙ ነው። ፆምሽን ከእሷ መደበቅ አያስፈልግም፤ አትከለክልሽም። በእኛ አገር ፆሙ 13 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት የምትበይበት ጊዜ አለሽ። ከባዱን ልምምድ ከኢፍጧር በኋላ ማድረግ፣ ሱሑርን አለመዝለል፣ ውሃውን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ሌሊቱን ከፋፍሎ መጠጣት፣ እነዚህን ከአሠልጣኙ ጋር ተነጋግራ ታደላድልልሻለች። የለንደን ኦሎምፒክ በ2012 እ.ኤ.አ. ረመዳን ውስጥ ሲውል ሞ ፋራህ ፆሙን ወደ ሌላ ጊዜ አስተላልፎ ሮጧል፤ የመንገደኛን ፈቃድ ሼሆቻችንን ጠይቂ፣ እኔ ፈትዋ አልሰጥም። ክፍል የምትጋራሽ ክርስቲያኗ ልጅም የሁዳዴውን ነገር ትንገራት። ከእንስሳት የሚገኘው ቢ 12 የተባለው ቫይታሚን በረጅም ፆም የሚጎድልበት ሰው አለ።

ስለ ደም ደግሞ፦ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከእኛ ቆላ ወጥቶ እዚያ የሚሮጥ ሰው ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋስ ሲያበዛ ብረት ይፈልጋል። «ጤፍ ብረት አለው፣ እኛን ምን ይነካናል» አትበዪ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለም? በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ እህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ሰውነት በሙሉ አይወስደውም። የሊጡ መቡካት ይረዳል፤ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን አብሮ መብላት ይረዳል። የሚጎዳው ከእንጀራው ላይ ወዲያው የምንደርበው ቡናና ሻይ ነው፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆይው። ቡና ተዪ ብል እኔም አላደርገው። ባለሙያዋ ፌሪቲን የሚባለውን የደም ምርመራ ካዘዘችሽ አድርጊ፤ ሳትመረመሪ ግን የብረት ክኒን ከፋርማሲ ገዝተሽ አትዋጪ፤ ሲበዛም ይጎዳል።

ጫቱንም አልረሳሁም። በሰፈራችን የሚቃም ነገር ስለሆነ እንደ ነውር አላነሳውም፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ላንቺ ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር። በዚያ ላይ ውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን በዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ፣ በዋዳ፣ የውድድር ጊዜ ክልከላ ዝርዝር ውስጥ አሉ። «ዘመድ ቤት ሄጄ ነው» የሚል መልስ አያድንም። በሽንትሽ ለተገኘው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ሕጉ እንዲያ ነው።

ያቺ አልጋሽ ሥር ያለችው የተጨማሪ ምግብ ዱቄት ጣሳስ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የኮሎኝ ቤተ ሙከራ ከ13 አገሮች 634 ተጨማሪ ምግቦችን ሰብስቦ ሲመረምር ከመቶ 15 ያህሉ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ የተከለከለ ስቴሮይድ ተገኝቶባቸዋል። ጂምናዚየም ያለው ልጅ «ሁሉም ይወስዱታል» ብሎ ሸጠልሽ። ያ ልጅ አንቺ ስትታገጂ አብሮሽ አይቆምም።

ልትመዘገቢበት ላሰብሽው ግማሽ ማራቶን የያዝሽውንም የስኳር ጄል በውድድሩ ዕለት አትጀምሪው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከአንድ ሰዓት በላይ በሚዘልቅ ሩጫ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ሊጠቅም ይችላል፤ ሆድሽ መቀበሉን ግን በልምምድ፣ በረጅሙ ሩጫሽ ቀን ሞክሪው። ያልለመደ ሆድ መሮጫው መሐል ላይ ያዋርዳል፤ የባሰውን አልጽፈውም።

ማክሰኞ ወደ ባለሙያዋ ስትገቢ አዲስ ወረቀት ያዢ። የበላሽውንም፣ ሳትበዪ ያደርሽበትንም ቀን ጻፊበት። ጣሳውን እንዳለ ይዘሽ ሂጂ፤ ስሙን ብቻ ጽፈሽ አትሂጂ፣ በጀርባው ያለውን ታንብበው። ቅልጥምሽ ላይ የሚያምሽንም ቦታ አሳያት። ሕመሙ ሰፊ ቦታ ከያዘ አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ጣት ጫፍ ልክ የምትነኪው ከሆነ፣ ስትጫኚውም የሚያስጮህሽ ከሆነ ግን ሳትሮጪ ወደ ሐኪም ትልክሻለች። በዚያ ሳምንት የግማሽ ማራቶኑ ምዝገባ ቢያልፍ፣ ይለፍ።