ያልተደረሰ ልቅሶ

የኮሮና ወረርሽኝ ወደ ሀገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዚያው ወር በ30ኛው ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ ሆኖ መሰብሰብ ተከለከለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ያን ዘመን እንደ ተዘጋ መዝገብ እንቆጥረዋለን። ይሁን እንጂ ዛሬ በየቤቱ ከምናያቸው የወንድማማችና የእኅትማማች ቅያሜዎች መካከል መነሻቸው ወደዚያ ዓመት የሚመለስ ጥቂቶች አይደሉም። ከዚህ የተነሣ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን፤ ሰው በበቂ ምክንያት ሳይፈጽመው የቀረው ግዴታ፣ ምክንያቱ ሲያልፍ አብሮት ያልፋልን? ወይስ ዕዳ ሆኖ ይቆያል?

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር አንድ ቤተሰብ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። ይህ ቤተሰብ የማንም ስም የለውም፤ በብዙ ቤቶች የታየውን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስበነው ነው እንጂ። አባት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እናት በገበያ ትነግዳለች፤ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ የአባት እናት የሆኑት አረጋዊት አያትም አብረዋቸው ይኖራሉ። የአባትየው እኅት ደግሞ ነርስ ናት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መልካም ነበሩ ቢባል ሐሰት አይደለም። ሁልጊዜ ከመሸ ይገባ የነበረው አባት ቤት ዋለ። ልጆቹ አያታቸው ጥጥ ሲፈትሉ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ቀድሞ ለመስማት ጊዜ ያላገኙለትን የዘመድ ታሪክ ሰሙ፤ የማታው ጸሎት ለብዙ ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ እንደገና በአንድነት ይደርስ ጀመር። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን ፋሲካ ግን ቤተሰቡ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታትሎ አከበረ፤ አያትም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የትንሣኤን ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ በማሳለፋቸው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ዶሮው ተሠርቶ ነበር፤ የሚጠራ ጎረቤት ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መክበድ ጀመረ። የእናትየው ገበያ ቀዘቀዘ፤ የታክሲ ሒሳብ በእጥፍ ጨመረ፤ ለሦስት ልጆች ትምህርት የነበረው አንድ ስልክ ብቻ በመሆኑ በየዕለቱ ጠብ ተነሣ። አባትም ቤት መዋሉ ለራሱም ለሌላውም ሸክም ሆነና ቁጡ ሆነ። በዚያ ጊዜ ወረርሽኙ ቤተሰብን አቀራረበ እየተባለ ብዙ ተነግሯል፤ እኛ ግን በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብና ግቢ ያለው ቤተሰብ ይህን ቃል በአንድ ዓይነት ይቀበሉታል ብለን አናምንም።

ነርሷ ለኮሮና ሕሙማን በተለየው ማከሚያ ተመድባ ነበርና ወደ እናቷ ቤት መግባት አቆመች። በየሳምንቱ እስከ በር ትመጣለች፤ የያዘችውን አስቀምጣ አሥር እርምጃ ያህል ትርቃለች፤ እናቷም በሩ ላይ ወንበር አስወጥተው ከሩቅ ይመርቋታል። በነሐሴ ወር አያት በቆየባቸው የደም ግፊት በድንገት ዐረፉ። ወንድም እናቱን አቅፎ ዓይናቸውን ከደነ። እኅት ግን በቀብሩ ቦታ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከሰው ተለይታ ቆመች፤ ሬሳውን አልሳመችም፤ ከኀዘንተኞቹም ጋር አላደረችም። በማግሥቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ወንድምየው «በእናቷ ሞት እንኳ አልመጣችም» አለ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ በመካከላቸው አለ።

ከሁለቱ እናቱን የበለጠ የወደደ ማን ነው? ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ መልስ የለውም፤ ብዙ ቤተሰብ የተጎዳውም ጥያቄውን በዚህ መልክ በማቅረቡ ይመስለናል። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ያስተማረው አንድ ልዩነት እዚህ ላይ ይረዳናል። ይኸውም «አታድርግ» የሚለው ትእዛዝ ሁልጊዜና በማንኛውም ሰዓት ያስገድዳል፤ «አድርግ» የሚለው ግን ምንጊዜም ጸንቶ የሚኖር ቢሆንም በማንኛውም ሰዓት አያስገድድም፤ ቦታና ጊዜ፣ ሁኔታም ይጠብቃል ማለት ነው። ሌላውን ለሞት አደጋ አሳልፎ አለመስጠት ከመጀመሪያው ወገን ነው። ሕሙማንን መጠየቅ፣ ሙታንን መቅበር፣ ያዘኑትን ማጽናናት ከሁለተኛው ወገን ነው። ነርሷ በየዕለቱ ከምታክማቸው ሕሙማን የያዘችውን በሽታ ወደ ወንድሟ ልጆች ልታመጣ ትችል ነበር፤ ስለዚህ መራቋ ግዴታዋን መጣል ሳይሆን የሚቀድመውን ማስቀደም ነበር። ጦቢት በስደት ሀገር የወገኖቹን ሬሳ ይቀብር የነበረው በራሱ ሕይወት ቆርጦ ነው፤ ይህ የሚያስመሰግነው ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ሰው የሚቆርጠው በራሱ ሕይወት ብቻ ስላይደለ ምሳሌው እንዳለ አይወሰድም።

እስከዚህ ድረስ ነርሷ ነፃ ናት። ነገር ግን ወንድምየውን እንመልከት። ድንኳን አልተተከለለትም። እድሩ ገንዘቡን ሳያጓድል በር ድረስ አድርሶለታል፤ ወንበሩና ድስቱ ግን ከእድሩ ቤት አልወጣም። አጠገቡ ተቀምጦ ዝም የሚል ሰው እንኳ አላገኘም። ለቅሶ ደራሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ንፍሮ ይቆረጥማል፤ ወሬ ያወራል፤ አንዳንዴም ካርታ ይጫወታል፤ ሰው ይህን ሲያይ ልማዱን ይነቅፋል። ሆኖም ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ያደረገው ያ ሁሉ ተራ ነገር እንደ ነበር በ2012 ዓ.ም. ታወቀ። የእኅቱ ምክንያት እርሷን ከበደል ነፃ ያወጣታል፤ እርሱን ግን አላጽናናውም። የደረሰበት ጉዳት እውነተኛ ነው፤ በዳይ ግን የለውም። ሰውም በዳይ የሌለውን ጉዳት መሸከም እጅግ ስለሚከብደው፣ ከፊቱ ያለውን አንድ ሰው ይዞ በዳይ ያደርገዋል።

ይህ ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ ቀባሪ በመጥፋቱ ሬሳ በየቤቱ ውሎ ያድር፣ የጅብ ሲሳይም ይሆን እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚያ ዘመን ወደ እኛ የደረሰው ልማድ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ነው። ልጆቻችን ጭሱን ያውቁታል፤ ያለ ለቃሽ ስለ ሄዱት ሰዎች ግን የሚነግራቸው የለም። የኮሮናውም ዘመን እጅ መታጠብን ብቻ አውርሶን እንዳያልፍ እንሰጋለን።

አንዳንድ ምእመናን «ይህን ያህል ዓመት ካለፈ በኋላ ልቅሶ መድረስ የዳነ ቁስል መነካካት ነው» ይሉናል። ቁስሉ በእርግጥ የዳነ ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን የራሳችንን ባህል እናስተውል። ከዐረብ ሀገር ወይም ከአሜሪካ ከስምንትና ከዐሥር ዓመት በኋላ የተመለሰ ሰው፣ በሌለበት ወደ ሞተበት ዘመድ ቤት ሲሄድ ከበሩ ጀምሮ ያለቅሳል፤ የቤቱም ሰዎች አብረውት ያለቅሳሉ። ዘገየህ የሚለው የለም። በዚያን ጊዜ ልቅሶው አዲስ ነው፤ ቡና ይፈላል፤ ሟቹ እንዴት እንደ ታመመ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ይተረካል። ልማዳችን መንገደኛውን ከዕዳው ሳይሰርዘው ጊዜ ይሰጠዋል። በ2012 ዓ.ም. ሁላችንም፣ በአንድ ሰፈር ሳለን፣ መንገደኞች ነበርን።

እንግዲህ ነርሷ ለወንድሟ ልትነግረው የሚገባት ለምን እንዳልመጣች አይደለም፤ ይህን ብዙ ጊዜ ነግራዋለች፤ እርሱም በአእምሮው ያውቀዋል። የሚቀራት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቤቱ መሄድ ነው። እርሱም በበኩሉ ከበር ሊቀበላት ይገባል፤ የእናታቸውን የመጨረሻ ሌሊት ከእርሱ በቀር የሚያውቀው የለምና፣ ያን ሌሊት ለእርሷ መተረክ የእርሱ ዕዳ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጆችን ስለ ምሕረት ሥራዎች ሲያስተምሩ፣ በዚያ ዓመት ከቤታቸው ማን እንደ ሞተና ማን ልቅሶ ሳይደርስ እንደ ቀረ ወላጆቻቸውን እንዲጠይቁ ቢያደርጉ መልካም ነው። ምናልባት ከልጆቹ አንዱ አያቱ ጥጥ ስትፈትል የነገረችውን ታሪክ ያስታውስ ይሆናል፤ አክስቱም ያን ታሪክ አልሰማችውም።