መድኃኒቱ እምቢ ሲል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የጡት ካንሰር የያዛት እህት ኬሞቴራፒ ጀምራ፣ ዕጢው ጥቂት ከሟሸሸ በኋላ ተመልሶ ሲያብጥ ከቤተሰቡ አንዱ ይነሳና «በቃ፣ ቀደር ነው፤ አታሰቃዩዋት» ይላል። ቀደር መሆኑን የሚክድ ሙእሚን የለም። «በቃ» የሚለውን ግን ከየት አመጣው?

ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ጣዑን መግባቱን መንገድ ላይ ሰምተው ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር ይሸሹ እንደሆን ቢጠይቋቸው፣ አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ግመሎቹን ከደረቁ የሸለቆ ዳር ወደ ለምለሙ የሚያሻግር ሰውም ከቀደር አልወጣም።

ዕጢው መድኃኒት የሚቋቋመው ያለ ሰበብ አይደለም። አንዱ ሰበብ በካንሰሩ ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኝ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን ሲሆን የታወቀውም በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። እንደ ፓምፕ ሆኖ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል። መጠኑ ይጨመር ቢባል ደግሞ ጤነኛው አካል፣ በተለይ ልብና መቅኒ፣ ይጎዳል። ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በናኖ ቅንጣት ውስጥ መሸሸግ ጀመሩ። ናኖሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ ሱብሓነላህ! ፓክሊታክሰል የተባለው መድኃኒት አልቡሚን ከተባለ የደም ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ፣ 130 ናኖሜትር ያህል ቅንጣት ሆኖ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ተፈቅዷል። በቤተ ሙከራ እንደታየው ሕዋሱ እንዲህ ያለውን ቅንጣት እንደ ጉርሻ ይውጠዋል፤ ፓምፑም ደጃፍ ላይ ቆሞ አያገኘውም።

ባዶ ተስፋ መሸጥ ግን አማና ማጉደል ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ፣ በእንስሳት ላይ ከተወጋው ቅንጣት ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው በመካከለኛ ስሌት 0.7 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ፓምፑን ለማሸነፍ ታስበው ከሚሠሩት ቅንጣቶችም አብዛኞቹ ገና በምርምር ላይ ናቸው።

ይሁንና የመጀመሪያው መድኃኒት እምቢ ሲል ሁለተኛና ሦስተኛ መኖሩን ሐኪሙን መጠየቅ የማን ድርሻ ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንታከም ወይ ብለው የጠየቋቸውን የገጠር ዐረቦች እንዲታከሙ አዘዋል፤ መድኃኒት የለውም ያሉትም እርጅናን ነው። የጡት ካንሰር እርጅና አይደለም።

«ወንድ ሐኪም አያያትም» ብላችሁ ሚስቶቻችሁን ያስቀራችሁ ባሎች ሆይ! ሴት ሐኪም ከተገኘች እሰየው። ካልተገኘች በሚያስፈልገው መጠን ወንድ ሐኪም ቢመረምራት ዑለማዎች ለዶሩራ ፈቅደውታል። ሩቅያው ይቀጥል፤ ጥቁር አዝሙዱን ግን ከመውሰዷ በፊት ለሐኪሟ ትንገረው።

ወላሁ አዕለም።